የእርከን ሰፈር የእጅ ቀን

ቀለሙ እርከን ሰፈር የገባው ሰኞ ጠዋት ነው። መኪናው የጦሳን ተራራ ዳገት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ብቻ መውጣት ቻለ፤ ከዚያ በላይ ቤቶቹ አንዱ ከሌላው ጣራ ራስጌ እንደ ደረጃ ስለተደረደሩ መንገድ የሚባል ነገር የለም። የቀለሙን በርሜሎች ሰዎች ተሸከሟቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ሴቶች እልል አሉ። የድንጋዩን ደረጃ በባልዲ ውኃ ያጠቡም ነበሩ፤ የሰፈሩ የውኃ ተራ ገና ሐሙስ ሆኖ ሳለ።

ሶልያና ይመር እልልታው እስኪያበቃ ከመኪናው ኋላ ቆማ ብሩሾቿን ታስተካክል ነበር። ብሩሾቹ የተስተካከሉ ነበሩ። ቀለም ይዛ ስትገባ ይህ አራተኛ ሰፈሯ ነው፤ እልልታን ከፊት ቆሞ መቀበል ካቆመች ቆይታለች።

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ቀለም ያልገባበት ሰፈር ጥቂት ነበር። ቀለም የሚጠበቀው እንደ ሠርግ ነው። ቀለም የገባበት ሰፈር ስሙ በከተማው ሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ እንግዳ ይመጣለታል፣ መኖሩ ይታወቅለታል። እርከን ሰፈር እስከዚያ ሰኞ ድረስ በከተማው ዘንድ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት የከተማው አስተዳደር የማሽን ድምፅ በየቤቱ ገብቶ “እንዴት አደራችሁ?” ይላል። ድምፁ የተሠራው “ደህና” ወይም “ደህና አይደለሁም” የሚል መልስ ለመቀበል ነው። የእርከን ሰፈር ሽማግሌዎች ግን “አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ እንዴት አደራችሁ? ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና? አገሩ አማን ነው?” እያሉ ይቀጥላሉ። ድምፁ ያን ያህል አይጠብቅም። ቤቱን “መልስ ያልሰጠ” ብሎ አልፎ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ጤናቸው አሳሳቢ ነው ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

ትምህርት ቤቱም አስተማሪ ነበረው ለማለት ያስቸግራል። ሒሳብና ሳይንስ የምታስተምረው አንዲት ድምፅ ናት፤ በዚያው ሰዓት በሌሎች ከተሞችም ታስተምራለች። የእርከን ሰፈር ልጆች ሲጠይቋት አንዳንዴ ለጅማ ልጅ የሚሆን መልስ ትሰጣቸዋለች። ልጆቹ ለምደውታል። “እሱ የጅማዎቹ ነው” ይባባሉና የራሳቸውን መልስ ይጠብቃሉ።

ሥራው ሦስት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ነዋሪው ተሰብስቦ ምን እንደሚሳል ይናገራል። ሶልያና ይህን ያመጣችው ግድግዳ መሳል ከተማረችበት ከኮሪያዋ ከተማ ከቡሳን ነው። እዚያ አንድ መምህሯ፣ የሚሳለውን መምረጥ ያለበት ግድግዳውን ሲያይ የሚውለው ሰው ነው ይላት ነበር። ወደ ተወለደችበት ደሴ ተመልሳ ገጽታ በሚባለው መሥሪያ ቤት ስትቀጠር ይህንኑ ተናገረች። መሥሪያ ቤቱ ንግግሩን ወደደው፤ በመኪኖቹ ጎን ላይም አጻፈው።

ቀጥሎ ሥዕሉ ይሳላል። በመጨረሻ የእጅ ቀን ይሆናል። በእጅ ቀን ከየቤቱ አንድ ሰው፣ አባወራው ወይም እማወራዋ፣ መዳፉን ቀለም ነክሮ ከሥዕሉ ግርጌ ያሳርፋል። ቀለሙ መዳፍ ያውቃል። ከእጁ ሥር ቁጥር ይወጣል። የሁሉም ቤት እጅ ሲሟላ ሰፈሩ ተስማምቷል ማለት ነው፤ የተስማማ ሰፈር ይነሳል። ነዋሪው ቦርከና ወንዝ ዳር ወደ ቆሙት ፎቆች ይወርዳል። ቤቱ ይፈርሳል። ግድግዳው ብቻ ይቀራል፤ ዙሪያው ሣር ይተከልለታል፣ ጎብኚ ይመጣበታል።

ይህ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ምስጢር አልነበረም፤ እንደ ምሳ ሰዓት የሚታወቅ ነገር ነው። በሰፈሮቹ ግን የሚያውቀው አልነበረም። የተነሱት ሰዎች በየፎቁ ተበታትነዋል። ዘመድ ሲጠይቃቸው “ቤት ደረሰን” ነው የሚሉት። በገዛ እጄ ተስማምቼ ወጣሁ ብሎ ማን ለሰው ይናገራል?

ሶልያና ያወቀችው ከመጀመሪያው ሰፈሯ በኋላ ነው። የሰፈሩ ስም ጥድ ሥር ነበር። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ረስታው የሄደችውን መሰላል ልትወስድ ብትመለስ ከግድግዳው በቀር ምንም አጣች። አለቃዋን ናሆምን ስትጠይቀው ከልቡ ነበር የተገረመው። “አላወቅሽም እንዴ ሶሊ? ለሥዕል ብሎ ይህን ሁሉ ቀለም የሚገዛ መሥሪያ ቤት የት አገር አይተሻል?” በዚያ ሳምንት ሥራ ልትለቅ አስባ ነበር። በሁለተኛው ሰፈር፣ እኔ ብተወው ሌላው አስቀያሚ አድርጎ ይስለዋል አለች። በሦስተኛው ምንም አላለችም። አንድ ቀን ከፎቆቹ በአንዱ አሳንሰር ስትጠብቅ ከጥድ ሥር ሴት ጋር ተገናኘች፤ ግድግዳውን ስትስል ቆሎ ይዛላት ትመጣ የነበረች ሴት ናት። ሴትዮዋ አየቻትና ፊቷን አዙራ በደረጃው ወጣች። የምትኖረው ከላይኛዎቹ ፎቆች በአንዱ ነበር።

የእርከን ሰፈር ሰዎች ብዙ ነገር እንዲሳልላቸው ፈለጉ። ከቦርከና የሚወጣው ጉም። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች። ሙሽራ በበቅሎ። ልጆቹ ደጃፋቸው ድረስ የሚወጣ አውቶቡስ አሉ። “እዚህ መኪና ወጥቶ አያውቅም” አለች አንዲት ልጅ፣ “በሥዕል እንኳ ይውጣ።” ከመሃል ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ጋሽ ሙሄን መረጡ። ጋሽ ሙሄ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ከባድ መኪኖች ያለ ሹፌር መሄድ ሳይጀምሩ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነበሩ።

በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሳለው ሥዕል ወር ፈጀ። በዚያ ወር ሶልያና ከሰፈሩ ጋር በላች፣ ለቅሶ ደረሰች፣ ለአንድ አራስ ልጅ ምን ስም ይውጣለት ተብላ ምክር ተጠየቀች። “ሰዓሊዋ” ነበር የሚሏት። እስከዚያ ከሠራቻቸው ሁሉ ይህኛው ይበልጥ ነበር፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ሰው ቆሞ ሲያደንቅላት ብሩሽ ልታጥብ ትሄዳለች።

የእጅ ቀን ደረሰ። ሰው ተሰልፎ እየሳቀ መዳፉን አሳረፈ። ከእጁ ሥር ቁጥር ሲወጣ የውኃ ተራ ነው ያሉ ነበሩ፤ ዕጣ ነው ያሉም ነበሩ። ጋሽ ሙሄ 2109 ወጣላቸውና “ከሁላችሁም በለጥኩ!” እያሉ ሲኮሩ ዋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ እጅ ብቻ ጎደለ። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የሚሰፉት እትዬ ዘሀራ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት፣ ቀኑን ሙሉ በራቸው ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ውለዋል።

ሶልያና ይህን ስታይ የተሰማትን ነገር አልጠበቀችውም። ደስ አላት። አንድ ሰው አውቋል፣ አለች በልቧ። እኔ ሳልናገር አንድ ሰው አውቋል።

በማግሥቱ ዳገቱን ወጥታ የእትዬ ዘሀራን በር አንኳኳች።

“ሰዓሊዋ ነሽ? ግቢ። እግርሽን ጥረጊ ብቻ፤ ምንጣፌን ደግሞ ግድግዳ እንዳታደርጊብኝ።”

ገባች። ቤቱ ሰማያዊ የደንብ ልብስ ተከምሮበታል። የተቀመጠችበት ዱካ አጭር ስለነበር ወደ ላይ አንጋጣ ነበር የምታናግራቸው።

“እትዬ ዘሀራ፣ እጅዎን ያላሳረፉት ለምንድን ነው?”

“አንቺ ምን ይመስልሻል?”

“አንድ ያወቁት ነገር ይኖራል ብዬ ነው።”

“አውቃለሁ እንጂ!” መቀሱን አስቀመጡት። “ሁሉም ያውቃል። አፉን የሚከፍት ነው የጠፋው።”

ሶልያና ጠበቀች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እሷ ልትናገረው ያልቻለችውን ነገር ሌላ ሰው እስኪናገርላት ጠበቀች።

“ያ ሙሄ” አሉ እትዬ ዘሀራ። “ባለቤቴ የሞተ ዕለት ድንኳኑን ከታች ሜዳ ላይ አስተከለው! ደጅሽ ላይ ቦታ የለም ብሎ! ሰው የሚለቀሰው በራሱ ደጅ ነው። ይኸው ስንት ዓመት፣ ግድግዳችን አንድ ነው፣ ሲያስነጥስ ይሰማኛል፤ ‘ይማርህ’ አልለውም። አሁን ደግሞ አንቺ መጣሽና ከነጥርሱ ከመሃል ሳልሽው።”

“ጥርስ ጨምሪልኝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።”

“ጥርስ የለውም እኮ!”

ሶልያና ሳቀች። እትዬ ዘሀራም ሳይወዱ ሳቁ፤ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ሳቁ ካበቃ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ፤ አንድ ነገር ለመናገር የሚበቃ ጸጥታ ነበር። ሶልያና አፏን ከፈተች።

“ሽማግሌ ቢገባበትስ?” አለች።

ከራሷ አፍ መውጣቱን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነው። እትዬ ዘሀራ የተሰፋውን አንገትጌ ገለበጡ፣ መልሰው ገለበጡ።

“ልኮብኝ አያውቅም” አሉ በመጨረሻ። “ቢልክብኝ ኖሮ... አልላከብኝም።”

ጋሽ ሙሄ በደጃቸው ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

“እኔ ሽማግሌ ልላክ? ሰው ምን ይለኛል፣ ዳኛው ራሱ ሽማግሌ ፈለገ አይለኝም?”

“ይልዎታል። ግን እትዬ ዘሀራ እየጠበቁዎት ነው።”

“ዘሀራ? እኔን?” አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ያኔ የደጇ ዳገት ተሰንጥቆ ነበር” አሉ። “ድንኳን ሙሉ ሰው ቢቆምበት ይዞን ይወርድ ነበር። ባሏ ተጋድሞ ሳለ ‘ቤትሽ ሊናድ ነው’ ልበላት? አንቺ ብትሆኚ ትያለሽ?”

ሶልያና ሽማግሌ የሚላከው ማን እንደሆነ ጠየቀች።

ናሆም የደወለው ዳገቱን ስትወርድ ነው። “ሶሊ፣ አንድ እጅ ብቻ ነው እኮ የቀረን። ምን ተገኘ?”

“ሽማግሌ እየላክንባቸው ነው።”

“እምቢ ቢሉስ?”

“ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ እየለመነ እምቢ አይባልም። ነውር ነው።”

ናሆም በደስታ ሳቀ። “እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብነውም! ለሌሎቹም ሰፈሮች ይሆነናል። አሠራሩን በአንድ ገጽ አድርጊና ላኪልኝ።”

በማግሥቱ ጽፋ ላከችለት። ጽሑፉ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ናሆምም አመስግኗታል።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሸህ አደም ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው እትዬ ዘሀራ በር ላይ ቆሙ። ሸህ አደም በዚያ አገር ደም ሳይቀር የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ሣሩ ከታች ከፎቆቹ ሜዳ የመጣ ነው፤ ጦሳ ላይ በዚያ ዓመት እርጥብ ሣር አልነበረም፣ የፎቆቹን ሣር መንቀል ደግሞ ያስቀጣል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ካፖርቱ ውስጥ ደብቆ ነበር ያመጣው። ሰፈሩ ከየደረጃው ላይ ቆሞ ያያል። ሶልያና ከሴቶቹ መካከል ናት።

“ግቡ፣ ተቀመጡ” አሉ እትዬ ዘሀራ።

“አንቀመጥም።”

“ሸኽዬ፣ ጉልበትዎ!”

“ጉልበቴ በእጅሽ ነው ዘሀራ። ካልሽን እንቀመጣለን፣ ካላልሽን እዚሁ እናመሻለን።”

“እኔ ምን አደረግሁ? እሱ ነው ባሌን እንደ መንገደኛ ሜዳ ላይ ያስለቀሰው!”

ጋሽ ሙሄ ከኋላ ተጎትተው ቀረቡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ስለ ተሰነጠቀው ዳገት ተናገሩ። ሲናገሩ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“አፍሬ።”

“ይህን ሁሉ ዓመት?”

“አንድ ጊዜ ካፈርኩ በኋላ፣ ዘሀራ፣ በየቀኑ እየባሰብኝ ሄደ።”

እትዬ ዘሀራ አለቀሱ። ከሴቶቹም ያለቀሱ ነበሩ። ከዚያ በሻሻቸው ጫፍ መዳፋቸውን ሸፍነው እጃቸውን ዘረጉላቸው፤ ጋሽ ሙሄ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ። አንደኛው ሲቀመጥ ጉልበቱ ጮኸ፣ ሰዉም ሳቀ።

ሸህ አደም ሣሩን ለሁሉም በታትነው አስያዙ። ለሶልያናም ደረሳት።

“ከመመረቃችን በፊት” አሉ፣ “ሆዱ ውስጥ ነገር የያዘ ካለ ያውጣ። በተያዘ ሆድ ላይ ምርቃት አይወርድም። ሙሄ፣ የቀረህ አለ?” የለኝም አሉ። “ዘሀራ?” የለኝም አሉ። ዓይናቸው ዞሮ ሶልያና ላይ ቆመ። “ሰዓሊዋስ? አንቺ ነሽ አሉ ነገሩን የጀመርሽው። ከኛ ጋር ከርመሻል፤ ያስቀየመሽ፣ የያዝሽብን ነገር ካለ ንገሪን።”

ሁሉም ዞሮ አያት። ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ አልነበረም። የታየው ምናልባት ከመካከላችን አንዱ በድሏት ይሆን የሚል ስጋት ነበር።

“የለኝም ሸኽዬ” አለች።

“እንግዲያው እጅሽ አይዛል። የጀመርሽውን ፈጻሚ ያድርግሽ። ሰው የሚወድሽ፣ ሰው የሚያምንሽ ያድርግሽ።”

“አሚን” አለ ሰዉ።

“አሚን” አለች ሶልያና።

ከዚያው ተያይዘው ወደ ግድግዳው ወረዱ። እትዬ ዘሀራ ከቀለሞቹ ቢጫውን መረጡ። መዳፋቸውን ነክረው ከጋሽ ሙሄ እጅ አጠገብ፣ እንዳይነካካ ተጠንቅቀው አሳረፉ። ከሥሩ 304 የሚል ወጣ። ወዲያው የግድግዳው ግርጌ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ በርቶ ጠፋ። ሰዉ ይህን ለዕርቁ የተደረገ መስሎት እልል አለ። ከበሮ መጣ።

እትዬ ዘሀራ ቁጥሩን ጎንበስ ብለው አዩት፣ የጋሽ ሙሄንም አዩት።

“ምነው? ግድግዳ የምንጋራ ሰዎች! ገና ዛሬ ታርቀን እንዲህ ያራርቀናል?”

“ተይኝ፣ ከበላይሽ ልሁን” አሉ ጋሽ ሙሄ፤ ሰዉ ሳቀ።

“አንቺ ሰዓሊዋ፣ ነይ አስተካክይልን። ከአጠገቡ አድርጊኝ።”

“አይስተካከልም እትዬ ዘሀራ።”

“ለምን አይስተካከልም? ያንቺው ቀለም አይደለም?”

“ቁጥሩ የቤት ነው።”

“የኛ ቤት ቁጥር የለውም።”

“የዚህ ቤት አይደለም።”

ሳቁ አሁንም ፊታቸው ላይ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ቆመ። በቀለም ያልተነካውን እጃቸውን ሶልያና ትከሻ ላይ ጥለው፣ ወዳጅ ለወዳጅ ምስጢር እንደሚያወራ ሰው፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ወሰዷት። ከበሮው ከወዲያ በኩል ይሰማል።

“ንገሪኝ።”

ነገረቻቸው። ሦስተኛ ፎቅ፣ አራተኛ በር። የጋሽ ሙሄ በሌላ ሕንፃ፣ ሃያ አንደኛ ፎቅ። መኪኖቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። ለመናገር የፈጀው ጊዜ አጭር መሆኑ ራሷን አስደነገጣት፤ ወር ሙሉ የተሸከመችው ነገር ይህን ታክል ብቻ ነበር።

“ማን ተስማምቶ ነው የሚወስዱን?”

ሶልያና የእትዬ ዘሀራን መዳፍ አየች። እትዬ ዘሀራም አዩት። ቢጫው ገና አልደረቀም።

“ይሄ?”

“አዎ።”

“ብንፍቀውስ?”

“የሁሉም ከተሟላ በኋላ ቢፋቅም አይሻርም። የርስዎ ነበር የቀረው።”

“የኔ ነበር የቀረው” አሉ። “አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?”

“ከመምጣቴ በፊት።”

“ቤቴ መጥተሽ ዱካው ላይ ስትቀመጪ?”

“አውቅ ነበር።”

“ሸህ አደም ሲጠይቁሽ?”

“አውቅ ነበር።”

“እና አሚን አልሽ።”

“አልኩ።”

ቢሰድቧት ወይም ቢመቷት ትወድ ነበር። እትዬ ዘሀራ ግን እንደሱ አላደረጉም። ጥያቄያቸውን የጨረሱ መስለው ቆዩና አንድ ጨመሩ።

“ሽማግሌ ይግባ ያልሽውም ለዚህ ነው?”

“ለዚህ ነው።”

“ዕርቁ ግን እውነት ነበር” አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል። “እኛ እውነታችንን ነው።”

ሶልያና ወደ ከበሮው ዞረች። “አሁኑኑ ልንገራቸው።”

እጇን ያዙት። አያያዛቸው ጠንካራ ነበር፤ ቢጫው ወደ እሷ አንጓ ተሻገረ። “ቁሚ። አንቺ አገር የለሽም? መርዶ አመሻሽ ላይ ይነገራል እንዴ? ይብሉ፣ ይጨፍሩ፣ ይተኙ። ጎሕ ሲቀድ በየቤታቸው ይሰሙታል፤ በየደጃቸው፣ ተቀምጠው፣ ሰው አጠገባቸው ሆኖ። አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።”

“እኔ?”

“ማን ኖሯል? እኔ እወስድሻለሁ። አንድም በር አናልፍም።”

የናሆም መኪና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሊወስዳት ቆሞ ነበር። ናሆም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን ዘረጋላት። “የሽማግሌው ነገር ተዓምር ነው ሶሊ! ግቢ፣ እንሂድ፤ ሰኞ ሌላ ሰፈር አለን።” በሩን ከፈተች። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ ቦርሳዋን አስቀመጠችበት። ከዚያ ቦርሳዋን መልሳ አነሳች።

“የቀረኝ ነገር አለ” አለች።

“ሁሉም ተሟልቷል እኮ።”

“አልተሟላም” ብላ በሩን ዘጋችው። መኪናው ወዲያው አልሄደም፤ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ጠበቃት። እሷም ትንሽ ቆማ መኪናውን ጠበቀች። ደፋር ሆና አይደለም የቀረችው፤ ቢሄድ እንደሚቀላት ታውቅ ነበር፣ ቢጠብቅ ደግሞ ትገባ ነበር። ሄደ።

ጎሕ ሲቀድ አራት ሆነው ወዳደረችበት ትምህርት ቤት መጡ፤ እትዬ ዘሀራ፣ ሸህ አደምና ሁለት አሮጊቶች። ሦስቱ ሌሊት ከእትዬ ዘሀራ እንደሰሙ ከፊታቸው ያስታውቃል። ማንም ሰላም አላላትም፤ ማንም አልሰደባትም። ለመርዶ ሲኬድ እንደሚደረገው ሁሉም ተከናንበው ነበር። አንደኛዋ አሮጊት አንድ የተረፈ ነጠላ ያለ ቃል አቀበለቻት፤ ተከናነበችው።

ደረጃውን ሲወጡ ከሸህ አደም ጎን ሆነች።

“ሸኽዬ፣ ትናንት የመረቁኝን ይመልሱት።”

“አይመለስም።” ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። “ምርቃት አንዴ ከአፍ ከወጣ የሰጪው አይደለም። እርግማን ቢሆን በማርያም በነቢ ብለሽ ታስነሺው ነበር። ይሄንን ይዘሽው ትኖሪያለሽ።”

ሶልያና ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስባ ተከተለቻቸው።

የመጀመሪያው በር የጋሽ ሙሄ ነው። እትዬ ዘሀራ ናቸው ያንኳኩት። በእርከን ሰፈር ጎሕ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ጋሽ ሙሄ ራሳቸው በእድር ዳኝነታቸው ስንት ጊዜ ከፊት ሆነው አንኳኩተዋል። ከውስጥ ዱላ ሲወድቅ ተሰማ። በሩ በግማሽ ተከፈተ። ኩታቸውን በአንድ ትከሻ ጣል እንዳደረጉ፣ አንድ በአንድ አዩአቸው፤ የተከናነቡትን ሴቶች፣ ሸህ አደምን፣ በመጨረሻም ሶልያናን።

“ማነው?” አሉ። “ልጄ ነው? ጅቡቲ ያለው ልጄ ነው? ማን ሞተብኝ?”

እትዬ ዘሀራ ሶልያናን በክርናቸው ወደ ፊት ገፉአት፤ ሌሎቹ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አሉ።

“ማንም አልሞተም ጋሽ ሙሄ” አለች።

ሽማግሌው መቃኑን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት እንባ ነበረበት፤ እየሳቁም ነበር።

“አልሐምዱሊላህ! ምነው እንዲህ ታስደነግጡኛላችሁ፣ እናንተ!” በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላት። “ግቢ፣ ግቢ ልጄ፣ ብርድ ላይ አትቁሚ። ተቀመጪና ያመጣሽውን ንገሪኝ።”

ሶልያና ገባች።